ያለ ዴስክቶፕ በተጫነ ዴቢያን ላይ ኤክስኤፍሲኢንና የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞችን ብቻ እንዴት ልጫን?

የላብ ኃላፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘውን የኮምፒውተር ክፍል ከአሮጌ ዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የማዛወር ሥራ ተሰጥቶኛል። ማሽኖቹ በእርዳታ የመጡ ሲሆኑ አብዛኞቹ ኮር 2 ዱኦ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም አላቸው፤ ሁሉም በአንድ ስዊች ተገናኝተዋል። ኢንተርኔት የምናገኘው ግን በሞባይል ጥቅል ስለሆነ የምናወርደው እያንዳንዱ ጊጋባይት ከትምህርት ቤቱ በጀት ላይ የሚቀነስ ወጪ ነው። ይህንኑ በማሰብ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት 12ኛ እትም በትንሹ የኔትወርክ መጫኛ፣ ምንም ዴስክቶፕ ሳንመርጥ ጫንን፤ አሁን ማሽኖቹ ሲነሡ የሚያሳዩት በጥቁር ስክሪን ላይ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ልንጠቀምበት የወሰንነው ዴስክቶፕ ኤክስኤፍሲኢ ነው። ይሁንና መመሪያዎችን ሳነብ ሦስት የተለያዩ ስሞች አገኛለሁ፤ አንዱ «ታስክ-ኤክስኤፍሲኢ-ዴስክቶፕ» ጫኑ ይላል፣ ሌላው «ኤክስኤፍሲኢ4» ይበቃል ይላል፣ ሦስተኛው «ኤክስኤፍሲኢ4-ጉዲስ» የሚባል ይጨምርበታል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ተማሪዎቹ የሚያስፈልጓቸው የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ብራውዘር፣ የፒዲኤፍ ማንበቢያና የአማርኛ መጻፊያ ናቸው፤ ከዚህ የሚያልፈውን በገንዘብ ገዝቼ ማውረድ አልፈልግም። ደግሞስ አንዴ ያወረድኩትን ለቀሩት ማሽኖች ማካፈል የሚቻልበት መንገድ አለ?

አንድ ተጨማሪ ችግርም አለብኝ። ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ በአንደኛው ማሽን ላይ ግኖም የሚባለውን ሌላ ዴስክቶፕ ጭኖ፣ ከባድ ሆኖ ሲያገኘው ኤክስኤፍሲኢን በላዩ ደርቦበታል። ማሽኑ አሁንም በግኖም መግቢያ ገጽ ይነሣል፤ በሜኑው ውስጥ ሁለት የፋይል አሳሽ፣ ሁለት ተርሚናል፣ ሁለት የሴቲንግ መስኮት ይታያል። እንደገና ሳልጭን ላጸዳው እችላለሁ?


ተርሚናል፦

መምህር፣ ጥያቄዎ በደንብ የተብራራ ስለሆነ ለመመለስ ይመቻል። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ሲተይቧቸው በላቲን ፊደል መሆኑን እርስዎ ያውቁታል።

ዴስክቶፕ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች አብረው የሚሠሩበት ስብስብ ነው። በኤክስኤፍሲኢ ውስጥ መስኮቶችን የሚያንቀሳቅሰው «ኤክስኤፍደብሊውኤም4» ነው፤ ከላይ ወይም ከታች የሚታየው አሞሌ «ኤክስኤፍሲኢ4-ፓነል» ነው፤ ፋይል የሚያሳየው «ቱናር» ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚያወጣው «ኤክስኦርግ» አለ። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የመግቢያ ገጽ ደግሞ የኤክስኤፍሲኢ አካል እንኳ አይደለም፤ «ላይትዲኤም» የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። የጠቀሷቸው ሦስት ስሞች በውስጣቸው ምንም ፕሮግራም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ሌሎች ፓኬጆችን (ፕሮግራሞች ታሽገው የሚመጡባቸውን ጥቅሎች) በስም እየጠሩ የሚያስመጡ ዝርዝሮች ናቸው። «ኤክስኤፍሲኢ4» ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ይጠራል። «ኤክስኤፍሲኢ4-ጉዲስ» በአሞሌው ላይ የሚቀመጡ ተጨማሪዎችንና ትናንሽ መሣሪያዎችን ይጠራል፤ ለተማሪ ብዙም አስፈላጊ አይደለም። «ታስክ-ኤክስኤፍሲኢ-ዴስክቶፕ» ግን የዴቢያን መጫኛ ራሱ የሚጠቀምበት ሰፊው ዝርዝር ነው፤ ሊብሬኦፊስን፣ ፋየርፎክስን፣ የማተሚያ አገልግሎትንና ሌላውንም ጨምሮ ያመጣል።

ከስሞቹ ምርጫ ይልቅ የማውረዱን መጠን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ የዴቢያን ፓኬጅ «ያለ እነዚህ አልሠራም» የሚላቸውና «እነዚህ ቢኖሩ ይመረጣል» የሚላቸው ሌሎች ፓኬጆች አሉት። የዴቢያን ፕሮግራም ጫኝ የሆነው አፕት ካልተከለከለ በስተቀር ሁለቱንም ዓይነት ያወርዳል፤ የተመከሩትም የራሳቸው የተመከሩ ስላሏቸው ዝርዝሩ ይረዝማል። «--ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ» የሚለው ማዘዣ የተመከሩትን ያስቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ «ኤክስኤፍሲኢ4»ን በዚህ ማዘዣ ብቻ የጫነ ሰው ማሽኑን አስነሥቶ መልሶ ያንኑ ጥቁር ስክሪን ያገኛል፤ ምክንያቱም «ኤክስኦርግ» ከተመከሩት እንጂ ከግዴታዎቹ ወገን አልነበረም፤ የመግቢያ ገጹም እንዲሁ ቀርቷል። ስለዚህ የተመከሩትን ሲከለክሉ የሚፈልጓቸውን በስም መጥራት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ለእንደዚህ ዓይነት ክፍል እኔ የምጠቀምበት ትዕዛዝ ይህን ይመስላል፦ «አፕት-ጌት ኢንስቶል --ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ ኤክስኦርግ ኤክስኤፍሲኢ4 ኤክስኤፍሲኢ4-ተርሚናል ላይትዲኤም ቱናር-ቮልማን ጂቪኤፍኤስ ኔትወርክ-ማናጀር-ግኖም ፓይፕዋየር-ኦዲዮ ፓቩኮንትሮል ማውስፓድ ሪስትሬቶ አትሪል»። ከእነዚህ ውስጥ «ጂቪኤፍኤስ»ን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ እርሱ ከሌለ ቱናር የቆሻሻ መጣያውን አያሳይም፣ ፍላሽ ሲሰኩም እንደለመዱት ብቅ አይልም፤ ተማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ፍላሽ መሰካት ነው። አትሪል የፒዲኤፍ ማንበቢያው፣ ሪስትሬቶ የፎቶ ማያው፣ ፓቩኮንትሮል ድምፅ ማስተካከያው ነው።

ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ «ሊብሬኦፊስ» የሚለውን ጠቅላላ ስም አይጥሩ፤ ከዳታቤዝ ክፍሉ ጋር ጃቫን እስከማስመጣት ሊደርስ ይችላል። «ሊብሬኦፊስ-ራይተር»፣ «ሊብሬኦፊስ-ካልክ»ና «ሊብሬኦፊስ-ኢምፕሬስ» ለየብቻ አሉ፤ «ሊብሬኦፊስ-ጂቲኬ3» የሚለውን ግን ይጨምሩ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው መስሎ ይከፈታል። ለብራውዘር «ፋየርፎክስ-ኢኤስአር» አለ።

ትዕዛዙን ሲሰጡ አፕት ከማውረዱ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድና በዲስኩ ላይ ስንት እንደሚይዝ ነግሮ ፈቃድ ይጠይቃል። «አይ» እያሉ፣ ዝርዝሩን እየቀነሱና እየጨመሩ ቁጥሩን ማወዳደር ምንም ዳታ አይበላም። ለምሳሌ ለሕፃናት የሚሆነውን «ጂኮምፕሪስ»ን ወይም የኬዲኢን (የሌላ ዴስክቶፕን) «ካልዚየም» ቢጨምሩበት ቁጥሩ ከፕሮግራሙ መጠን በላይ ሲዘል ያያሉ፤ የተሠሩት ኪውቲ በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ስለሆነ በኤክስኤፍሲኢ ውስጥ የሌሉ ላይብረሪዎችን ይዘው ይመጣሉ። ጠቃሚ ከሆኑ ይጫኑ፤ ዋጋቸውን ግን አስቀድመው ይወቁ።

በመጫኛው ላይ ለሩት (ለማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ሰጥተው ከነበረ ለተራው ተጠቃሚ «ሱዶ» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትዕዛዝ የሚያስፈጽመው) አልተዘጋጀለትም። «ኤስዩ» ብለው ክፍት ቦታና ሰረዝ ጨምረው ወደ ሩት ይግቡ፤ ሰረዙ ከተዘለለ አንዳንድ የአስተዳደር ትዕዛዞች «አልተገኘም» ይላሉ።


ሚንት ወዳጅ፦

ከላይ የተሰጠው ምላሽ ትክክል ቢሆንም ነገሩን ማክበድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊኑክስ ሚንት በኤክስኤፍሲኢ ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ ዙቡንቱም አለ። አንዱን በፍላሽ ላይ አድርጎ ሁሉንም ማሽን በዚያ መጫን ይቻላል፤ መግቢያ ገጹ፣ ድምፁ፣ የኔትወርክ አይኮኑ፣ ሊብሬኦፊሱ ሁሉ ተሟልቶ ይነሣል። አንድ መምህር ፓኬጅ በስም እየጠራ ለምን ይድከም?


ተርሚናል፦

ከባዶ ለሚጀምር ሰው የሚንት ሐሳብ መጥፎ አይደለም፤ አንድ የተሟላ ፋይል አንዴ ወርዶ በፍላሽ መዞሩ እውነት ነው። ሆኖም መምህሩ ዴቢያንን ጭነው ጨርሰዋል፤ የቀራቸው ዴስክቶፑ ብቻ ነው። በተጨማሪም በኡቡንቱ ቤተሰብ ላይ ከ22.04 ጀምሮ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብለው ቢያዙ የሚመጣው በስናፕ፣ ማለትም በኡቡንቱ በራሱ የፕሮግራም ማሸጊያ ዘዴ፣ የታሸገው ነው። ስናፕ ከራሱ መደብር ስለሚያወርድ ከዚህ በታች የምናወራው የማካፈያ ዘዴ አይነካውም፤ እያንዳንዱ ማሽን ለየብቻ ያወርዳል፣ ማሻሻያም ሲመጣ እንደገና ለየብቻ። ሚንት ስናፕን እንደማይጠቀም አውቃለሁ፤ ዙቡንቱን ግን ለዚህ ክፍል አልመርጥም። ፍላትፓክ የሚባለው ሌላው የማሸጊያ ዘዴም ቢሆን የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲጭኑ ከሥሩ ትልቅ የጋራ መሠረት ያወርዳል፤ በሞባይል ጥቅል ላይ አይመከርም።

ስለ ሌሎቹ ስርጭቶች ካነሣን አይቀር፣ በፌዶራ ዴስክቶፕ በ«ዲኤንኤፍ ግሩፕ ኢንስቶል»፣ በአርች ደግሞ በ«ፓክማን» የቡድን ስም ይጫናል፤ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9ንና ከእርሱ የተወለደውን አልማሊኑክስ 9ን ግን ኮር 2 ዱኦ ማሽን ላይ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሌሉትን መመሪያዎች ስለሚጠይቁ አይነሡም። ዴቢያን በእንደነዚህ ማሽኖች ላይ አሁንም ይሠራል፤ 12ኛው እትም የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ ሰኔ 2028 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሚዘልቅ ለመለወጥ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ከማሽኖቹ መካከል ባለ 32 ቢት ብቻ የሆነ አሮጌ ፔንቲየም ካለ ደግሞ ዴቢያን 13 ለእርሱ መጫኛ ስለሌለው በ12 ላይ መቆየት የግድ ነው።


ሰርቨር ክፍል፦

የማካፈሉን ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ዝርዝሩን በማሳጠር የሚተርፈው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አንዱን ማሽን፣ ቢቻል ዲስኩ ሰፊ የሆነውን፣ ለዚህ ሥራ ይምረጡና «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑበት። ይህ ፕሮግራም በ3142 ፖርት ላይ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ማሽኖች ፓኬጅ ሲፈልጉ በእርሱ በኩል ይጠይቃሉ፤ የሌለውን ከኢንተርኔት አንዴ አምጥቶ ያስቀምጣል፣ ያለውን በስዊቹ በኩል ወዲያው ይሰጣል። በእያንዳንዱ የተማሪ ማሽን ላይ በ«/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ» ፎልደር ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል ፈጥረው ይህችን መስመር ይጻፉባት፦ አኳየር::ኤችቲቲፒ::ፕሮክሲ "ኤችቲቲፒ://192.168.1.10:3142"; ። አድራሻው የምሳሌ ነው፤ በእርስዎ ማሽን አድራሻ ይተኩት፤ ያ አድራሻም እንዳይለዋወጥ ቋሚ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ማሽን ኤክስኤፍሲኢን ሲጭን ዳታ ይወጣል፤ የቀሩት ሁሉ ከቤት ውስጥ ይወስዳሉ። ወደፊት የጸጥታ ማሻሻያ ሲመጣም እንደዚያው ይሆናል። ዴቢያንን ገና ያልጫኑበት ማሽን ካለ ደግሞ መጫኛው በመሐል የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ አድራሻ ይጠይቃል፤ ያንኑ ይስጡት።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የማከማቻው አድራሻ በ«ኤችቲቲፒኤስ» ከተጻፈ ይህ መካከለኛ ሊያየውና ሊያስቀምጠው አይችልም፤ በዴቢያን መደበኛ አድራሻ ግን «ኤችቲቲፒ» ስለሆነ ችግር የለም። የፓኬጆቹን ትክክለኛነት አፕት በፊርማ ስለሚያረጋግጥ ይህ ደኅንነትን ዝቅ አያደርግም። ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። አሮጌ ማሽኖች የማዘርቦርዳቸው ባትሪ ስለሚሞት ሲጠፉ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፕትም የማከማቻው ዝርዝር «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ አልቀበልም ይላል። ሰው ኔትወርኩን ሲፈትሽ ይውላል፤ ችግሩ ግን ሳንቲም የምታክለው ባትሪ ናት። ባትሪው እስኪቀየር ድረስ ቀኑን በ«ዴት» ትዕዛዝ ያስተካክሉ፤ ብራውዘሩም በዚሁ ምክንያት ጤናማ ድረ ገጾችን አደገኛ ናቸው ሊል ይችላል።

ሰርቨር ማዘጋጀት ካልፈለጉ በፍላሽም ይቻላል። «አፕት-ጌት» ያወረዳቸውን ፓኬጆች በ«/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ይተዋቸዋል፤ «አፕት» የሚለው አጭሩ ትዕዛዝ ግን ተጭነው ሲያበቁ ይሰርዛቸዋል። ስለዚህ በ«አፕት-ጌት» ይጠቀሙና ያንን ፎልደር ወደ ሌላው ማሽን ተመሳሳይ ቦታ ይቅዱት። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት እትምና አንድ ዓይነት አርክቴክቸር ሊኖራቸው ይገባል፤ የፓኬጅ ዝርዝሮቹም ከ«/ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ» አብረው መቀዳት አለባቸው። ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ካለ የዴቢያንን የመጀመሪያ ዲቪዲ ምስል ጥሩ መስመር ካለበት ቦታ አውርዶ ማምጣት ይችላል፤ ዴስክቶፖቹ በውስጡ ስላሉ በ«አፕት-ሲዲሮም» ተመዝግቦ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። የእኔ ምርጫ ግን መካከለኛው ሰርቨር ነው፤ ፍላሹም ዲቪዲውም የዛሬን እንጂ የነገን ማሻሻያ አይፈቱም።


የላብ ኃላፊ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመካከለኛውን ሰርቨር አቆምኩት፤ በመጀመሪያው ማሽን ላይ የተባለውን ዝርዝር ጫንኩ፤ ኤክስኤፍሲኢ በላይትዲኤም በኩል በሚገባ ተነሣ። ሁለተኛው ማሽንም ከኢንተርኔት ምንም ሳያወርድ ጨረሰ ማለት እችላለሁ። አሁን አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል፦ በአሞሌው ላይ ያለው የኔትወርክ አይኮን መሣሪያው «አይተዳደርም» ይላል፤ ግን ኔትወርኩ ይሠራል፣ ፋየርፎክስም ይከፍታል። በተጨማሪም ስለ አማርኛውና ስለዚያ ስለተደበላለቀው ማሽን ምላሽ እጠብቃለሁ።


ተርሚናል፦

ያለ ዴስክቶፕ ሲጫን ዴቢያን ኔትወርኩን በ«/ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ኔትወርክ ማናጀር በዚያ ፋይል የተጠቀሰ መሣሪያ የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ አይነካውም። ፋይሉን ይክፈቱና «ሎ» የሚለውን መስመር ትተው የኬብሉን ካርድ የሚጠሩትን መስመሮች መጀመሪያቸው ላይ የመሰላል ምልክት አድርገው ያሰናክሏቸው፤ ከዚያ ማሽኑን እንደገና ያስነሡ። በኬብል ብቻ ለሚሠሩ ማሽኖች እንዳለ ቢተዉትም ጉዳት የለውም። የመካከለኛው ሰርቨር ማሽን ላይ ግን አይንኩት፤ ቋሚ አድራሻው በዚያ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

የተደበላለቀውን ማሽን በተመለከተ፣ ውስጡ የሚጠበቅ ፋይል ከሌለ እንደገና መጫኑ ይፈጥናል፤ በተለይ አሁን ፓኬጆቹ ቤት ውስጥ ስላሉ። ማጽዳቱን ከመረጡ ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ «ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ላይትዲኤም» ብለው መግቢያ ገጹ የትኛው እንዲሆን ሲጠየቁ ላይትዲኤምን ይምረጡና ማሽኑን ያስነሡ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭነው ወደ ጽሑፍ ስክሪን ይሂዱ፤ ግኖምን በግኖም ውስጥ ሆነው ሊያጠፉ ቢሞክሩ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እንደመቁረጥ ነው። ቀጥሎ እንዲቀሩ የሚፈልጓቸውን፣ ማለትም ኤክስኤፍሲኢ4ን፣ ኤክስኦርግን፣ ላይትዲኤምን፣ ኔትወርክ-ማናጀር-ግኖምን፣ ፋየርፎክስንና የሊብሬኦፊስ ክፍሎችን «አፕት-ማርክ ማኑዋል» በሚለው ትዕዛዝ ምልክት ያድርጉባቸው። ይህ የሚጠቅመው አንዳንዶቹ በግኖም ዝርዝር ተጠርተው የመጡ ስለሆኑ፣ ዝርዝሩ ሲሄድ አፕት ባለቤት የሌላቸው አድርጎ ስለሚቆጥራቸው ነው።

አሁን «አፕት -ኤስ ፐርጅ ታስክ-ግኖም-ዴስክቶፕ ግኖም ግኖም-ኮር ግኖም-ሼል ጂዲኤም3» ይበሉ። «-ኤስ» ምንም ሳይነካ ምን ሊሆን እንደሚችል ብቻ ያሳያል። የሚወገዱትን ስሞች አንድ በአንድ ያንብቡ፤ «ኔትወርክ-ማናጀር» ከመካከላቸው ካለ ቆም ይበሉ። ደኅና ከሆነ ያለ «-ኤስ» ይድገሙት፤ በመጨረሻ «አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» የተረፉትን ላይብረሪዎች ይጠርጋል፤ እዚህም ላይ ቀድመው በ«-ኤስ» ይዩት። በስማቸው ውስጥ «ግኖም» የሚል ቃል ስላለ ብቻ ሁሉንም ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ አሁን የምንጠቀምበት የኔትወርክ አይኮን ራሱ «ግኖም» የሚል ስም አለው።


ፊደል ገበታ፦

አማርኛውን እኔ ልጨርሰው። ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ማሳያና መጻፊያ።

ለማሳያ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ትንሽና ጥሩ ነው፤ ለስክሪን ጽሑፍ የኖቶን ፎንቶች የያዘው «ፎንትስ-ኖቶ-ኮር» ቢጨመር ይመረጣል። በዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ ፊደሉ ይተካል እንጂ ጽሑፉ አይጠፋም፤ የገጽ አሰላለፉ ግን ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ከዩኒኮድ (ፊደላትን ሁሉ በአንድ ወጥ መለያ ከሚመዘግበው ደረጃ) በፊት በነበሩት የዊንዶውስ ፎንቶች የተተየቡ የድሮ ፈተናዎችና ደብዳቤዎች ካሉ ግን እንደ ተበታተነ የላቲን ፊደል ነው የሚታዩት፤ የትኛውም ፎንት አያስተካክላቸውም፤ ወደ ዩኒኮድ በመቀየሪያ መለወጥ አለባቸው።

ለመጻፊያ «አይባስ»ና «አይባስ-ኤም17ኤን» ናቸው። የተመከሩትን ከልክለው ስለጫኑ እዚህም ያው ወጥመድ አለ፦ «አይባስ-ጂቲኬ3»ና «አይኤም-ኮንፊግ» በስም ካልተጠሩ አይኮኑ አሞሌው ላይ ይታያል፣ ቋንቋውም ይቀየራል፣ የሚጻፈው ግን ላቲን ሆኖ ይቀራል። ለሊብሬኦፊስ ከላይ የተጠቀሰው «ሊብሬኦፊስ-ጂቲኬ3» ለመልኩ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል። ሁሉም ሲጫን በተማሪው ተጠቃሚ ሆነው «አይኤም-ኮንፊግ -ኤን አይባስ» ይበሉ፤ ወጥተው ይግቡ፤ በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛን ፈልገው «ሴራ» የሚለውን ይጨምሩ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መቀያየሪያው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ስፔስ ነው። ሴራ እንደ ድምፁ የሚጻፍበት ዘዴ ነው፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ስለሚለይ ትንሹ ቲ «ት»ን፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን ይሰጣል፤ «ሽ» የሚጻፈው በኤክስ ነው። በዊንዶውስ ላይ ሌላ አጻጻፍ የለመዱ መምህራን መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ተማሪዎች ግን ቶሎ ይለምዱታል። ኪማን ለሊኑክስም ስላለ አጻጻፉን የማይወድ ሰው እርሱን መሞከር ይችላል።


የላብ ኃላፊ፦

አማርኛው ሠራ። የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ፦ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ለየክፍሉ የተለያየ የተጠቃሚ ስም መክፈት እፈልጋለሁ። አሞሌውን፣ የአይባስ ምርጫውንና የዴስክቶፑን አቀማመጥ በእያንዳንዱ ስም እየገባሁ ማስተካከል ይኖርብኛል?


ሰርቨር ክፍል፦

አይኖርብዎትም። አንድ የሙከራ ተጠቃሚ ይክፈቱና አሞሌውን እንደሚፈልጉት ያስተካክሉ፤ ከዚያ ከእርሱ ቤት (ከግል ፎልደሩ) ውስጥ «.ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4» የሚለውን ፎልደር ወደ «/ኢቲሲ/ስኬል/.ኮንፊግ» ይቅዱት። በ«አድዩዘር» አዲስ ስም ሲከፈት የ«/ኢቲሲ/ስኬል» ይዘት ወደ አዲሱ ቤት ይገለበጣል። «አይኤም-ኮንፊግ» የጻፈውን «.ኤክስኢንፑትአርሲ» የተባለ ፋይልም ወደ «/ኢቲሲ/ስኬል» አብረው ይቅዱ፤ አንድ ላይ ከሄዱ አይባስ በእያንዳንዱ ስም ራሱ ይነሣል። የመጻፊያዎቹ ዝርዝር ራሱ ግን የሚቀመጠው በ«.ኮንፊግ/ዲኮንፍ» ውስጥ ነው፤ ከሙከራው ተጠቃሚ እርሱንም መቅዳት ይችላሉ። የሙከራውን ስም ሲጠቀሙ ብራውዘር ከፍተው ምንም አካውንት ውስጥ አይግቡ፤ የፋየርፎክስንም ፎልደር አይቅዱ፤ የይለፍ ቃል አብሮ ወደ ሁሉም ተማሪ ይሄዳል።

ይህ የሚሠራው ከቅጂው በኋላ ለሚከፈቱ ስሞች ብቻ ነው፤ ቀድመው የከፈቷቸው ካሉ አጥፍተው እንደገና ይክፈቷቸው። ራሙ 4 ጊጋባይት ስለሆነ ደግሞ «ዝራም-ቱልስ» የሚባለውን ትንሽ ፓኬጅ ይጨምሩ፤ ከራሙ ከፊሉን አጨምቆ እንደ ስዋፕ (ራም ሲሞላ እንደሚያግዝ ተጨማሪ ቦታ) ይጠቀምበታል። ኤክስኤፍሲኢ በራሱ ቀላል ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ራም የሚጨርሰው ተማሪው የሚከፍታቸው የብራውዘር ታቦች ናቸው።